ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ስር

የክሊኒኩ ኮምፒውተር በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ድርግም እያለ የታካሚ መዝገብ ይበላል። ጠጋኙ ያልፈታው ብሎን የለም፤ ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ስለዚህ መዝጋቢዋን ጠረጠረ። የኤሌክትሪክ ገመዱን በእግሯ ሳትነቅለው አትቀርም።

ዛሬ እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ቆረጠ። ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ጠረጴዛዋ ስር ገብቶ ጠበቀ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወንበሩ ሲጢጥ አለና ሁለት የሴት እግሮች ገመዱ አጠገብ አረፉ።

«እህቴ፣ እስቲ እግርሽን አንሺልኝ» አለ ሳቁን አፍኖ።

እግሮቹ ቀስ ብለው ተነሱለት።

በሩ ተከፈተ። መዝጋቢዋ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ገባች። «እዚያ ስር ሆነህ ባዶ ወንበር ታናግራለህ እንዴ?» አለችው።

ጠጋኙ ወደ ወንበሩ ዳግመኛ ተመለከተ። እግሮቹ ከፊቱ እንደተነሱ ናቸው፤ እስኪጨርስ እየጠበቁት።