የአምፖንሳ ወንበር

የፕሬዚዳንቱ ሐኪም መርፌውን ነጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ጋዜጠኞቹ ሲወጣ ሰርዋ አላስቻላትም። “አንተ ውሸታም!” ትላለች መጽሐፏ ላይ አፍጥጣ፣ ጮክ ብላ። ማዶ የተቀመጡት ታካሚዎች ቀና ይላሉ። ፕሬዚዳንቱ ከሞተ ሰንብቷል፤ ሐኪሙ ግን “ክቡርነታቸው እረፍት ላይ ናቸው” እያለ አገር ያታልላል። ጄኔራሎቹ ሥልጣኑን እስኪከፋፈሉ ድረስ ሬሳው ማቀዝቀዣ ክፍል ተቆልፎበታል።

ግራ እጇ ከኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ጋር ተያይዟል፤ ንቅንቅ ማለት የለበትም። በአንድ እጅ ወፍራም መጽሐፍ ስለማይያዝ፣ በዚህ ክፍል መጽሐፍ በቢላ ተሰንጥቆ በቀጫጭኑ ይነበባል። ይህን ልብ ወለድ የሰነጠቀው የወንበር ጎረቤቷ አምፖንሳ ነው፣ ጡረተኛው የባቡር ነጂ። እሱ ይቀድምና ያነበበውን ክፍል ያቀብላታል።

“ሴትዮ፣ ቶሎ በይ እንጂ! ገዳዩን ገምቼዋለሁ፣ ልንገርሽ?” ይላታል ሁልጊዜ።

“ትንፍሽ ብትል ቱቦህን ነው የምነቅለው!”

ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደ አምፖንሳ የሚያበሽቃት ሰው አላገኘችም። የኩማሲ ገበያ ጨርቅ ነጋዴዎች እንኳ ይፈሯታል።

ዛሬ ግን በአምፖንሳ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ትነክሳለች።

ነርሷ ሲስተር ፖኩዋ የመጽሐፉን የመጨረሻ ክፍል ይዛ ትመጣለች። “አባባ አምፖንሳ ናቸው የላኩልዎት፣ እማማ።”

“እሱስ የት ሄዶ ነው?”

“ታማሌ ከተማ፣ ልጃቸው ጋ። ከእንግዲህ እዚያው ነው የሚታጠቡት።”

“ሳይሰናበተኝ?”

“ድንገት ሆነባቸውና...” ፖኩዋ የማሽኑን ቁጥር ታያለች። ምንም ያልተለወጠውን ቁጥር ደግማ ታየዋለች።

ሰርዋ የመጽሐፉን ክፍል ትገልጠዋለች። መሃል ላይ የአንድ ገጽ ጥግ ታጥፏል። አምፖንሳ ንባቡን ያቆመበትን እንዲህ ነው የሚያጥፈው። ያ ችኩል ሽማግሌ ምሳውን ቢለምኑት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ያልጨረሰውን መጽሐፍ አሳልፎ አይሰጥም። ታማሌ ድረስ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገዳዩ ሳይታወቅ መጽሐፉን ትቶ አይሳፈርም።

የነርሷን እጅጌ ይዛ ወደ ራሷ ትስባታለች። “መቼ ነው የሞተው?” ትላታለች በሹክሹክታ።

ፖኩዋ እጅጌዋን ልታስለቅቅ ትሞክራለች። በዚህ ክፍል ስለ ባዶ ወንበር አይጠየቅም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም።

“እንደ መጽሐፉ ሐኪም ትዋሺኛለሽ? እኔን? እንደ ልጄ የማይሽን?”

“ማሽን ላይ ሆነው እንዲሰሙ አልፈለግሁም፣ እማማ። የደም ግፊትዎ ይወርዳል ብዬ ነው።” ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። “ቅዳሜ ነው። በእንቅልፋቸው።”

ሰርዋ እጅጌዋን ትለቅላታለች። አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ ለባሏ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። እንባዋ ጉንጯን አልፎ ገጹ ላይ ይንጠባጠባል፣ አትጠርገውም።

“ምነው እማማ፣ መጽሐፉ ያስለቅሳል እንዴ?” ትላለች ወጣቷ፤ ዐይኗን ገልጣለች።

“ያስለቅሳል።”

“እኔ ፈርቼ ነው። ወረፋ ስጠብቅ ከርሜ ትናንት በድንገት ቦታ ተገኘ አሉኝ።” ልጅቷ የተቀመጠችበትን ወንበር ዝቅ ብላ ታያለች። “እዚህ ይቀመጥ የነበረው ሰው... ተሽሎት ነው የሄደው?”

ሰርዋ የልጅቷን እጅ ታያለች። መርፌ የተሰካበት እጅ ከነፕላስተሩ ይንቀጠቀጣል።

“ተሽሎት ነው፣ ልጄ” ትላለች። “ታማሌ ሄዷል፣ ልጁ ጋ። ሲወጣማ እየሳቀ ነበር።”

ልጅቷ እፎይ ትላለች። እጇ ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡን ያቆማል።

ፖኩዋ አሁንም አጠገባቸው ቆማለች። ሰርዋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።