ብር ሲጠቁር

የብር አንጥረኛው ሚስት የቅባቱን ብልቃጥ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ቂብ አደረገችው። ስኳር በሽታ ያቆሰለውን የባሏን እግር የምትቀባበት ነው፤ ሻጩ «የብር ቅባት» ብሎ ሰጥቷታል። ምራቷ «ሐኪም ቤት ይሂዱ» እያለች ብትጨቀጭቃት፣ አፏን ልታስዘጋ መጣች።

«በዓይን የማይታየውን ብር ትለካላችሁ አሉ፤ በይ ለኪልኝ ልጄ። ያቺ ምላሳም እግሩ ጠቆረ ትለኛለች። ብር መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ኋላ ያበራል! ዕድሜዬን ሙሉ ብር ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ እሷ?»

መርማሪዋ ለካች፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካች።

«እማማ፣ ይኼ ተራ ቫዝሊን ነው። የብር ሽታ እንኳ የለበትም።»

ሴትዮዋ ብልቃጡን ከጠረጴዛው አነሳችው። ጠዋት የባሏ እግር ጥቁረት ቁርጭምጭሚቱን ሲያልፍ፣ «ብሩ ሠራ!» ብላ እልል ብላ ነበር።