ለመጨመር ያህል

ኮምፒውተር ጠጋኙ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ሴትየዋ የላከችውን የዲስኳን የድምፅ ቅጂ ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ከዚያ የመፋቅ ዓይነት ድምፅ። ዲስኩ ውስጡ ተሰብሯል፤ በሠራ ቁጥር የያዘውን ነገር ራሱ እየላጠ ይጥለዋል።

ሴትየዋ አራት ሺህ ሰው ባለበት የኮምፒውተር ችግር መጠያየቂያ ገጽ ላይ የጻፈችው ከምሳ በፊት ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕፅዋትን ስምና ጥቅም ሲመዘግቡ ኖረው አሁን ዓይናቸው ፈዟል፤ መዝገቡ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። «ሌላ ቅጂ የለንም። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ ምን ላድርግ?» ይላል ጽሑፏ።

ቀድመው የመለሱላት ጋሼ ብሎን ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ያሉ፣ ትልቅ ትንሹ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ቀላል ነው። የዲስክ ምርመራውን አስጀምሪና እስኪጨርስ ተዪው» ብለዋታል። የድምፅ ቅጂውን እንዳልሰሙት ያስታውቃል። ቢሰሙትማ ምርመራው ዲስኩን እንደሚጨርሰው እሳቸው አይጠፋቸውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠጋኙ በአንድ ቃል በመለሰው ነበር። እሳቸው ግን ባለውለታው ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ የደንበኛ ኮምፒውተር አቃጥሎ የሚገባበት ጠፍቶት ሲንቆራጠጥ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየጻፉ ከጉድ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ በየትኛው አፉ ነው በአራት ሺህ ሰው ፊት ተሳስተዋል የሚላቸው? በግል ጻፈላቸው። አላዩትም፤ ምሳ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ደግሞ የገጹ ወግ አለ። ታላቅ ሰው አይታረምም። መጀመሪያ ይመሰገናል፣ ከዚያ ይደነቃል፣ ከዚያ «ለመጨመር ያህል» ተብሎ የተቃውሞው ሐሳብ ቀስ ብሎ ይገባል። ነባሮቹ «ለመጨመር ያህል» የሚለውን ሲያዩ ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባቸዋል።

ጠጋኙም እንደ ወጉ ጀመረ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። እዚያው ክፍል ፎቶ ኮፒ የምታነሳው እህቱ በትከሻው በኩል አጮለቀች።

«ምንድን ነው እሱ፣ የሠርግ ጥሪ ነው?»

«ጋሼ ብሎን ተሳስተዋል። በጨዋ ደንብ ልነግራቸው ነው።»

«ለሳቸው ነው ወይስ ለሴትየዋ የምትጽፈው?»

«ለሁለቱም» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን መሐል ላይ ደከመኝ» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ላከው። ማንንም ሳያስቀይም እውነቱን በመናገሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎት ነበር። ጠመንጃ መፍቻውን አንስቶ አቧራ የበላውን የአንድ ላፕቶፕ ማቀዝቀዣ መፍታት ያዘ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሠራ ስልኩ ጮኸ።

«ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንደተስማማችሁት ምርመራውን አስጀምሬዋለሁ፤ ሠላሳ በመቶ ደርሷል።»

ጠጋኙ ክው አለ። ወጉም ምኑም ጠፋው። «ንቀዪው። አሁኑኑ። ጋሼ ተሳስተዋል» ብሎ ላከ፤ ከላከው በኋላ ነው ምን እንደጻፈ ያየው። ጠጋኙ ፊቱ ጋለ።

ጋሼ ብሎን ብቅ አሉ። «ልክ ነው፤ ቅጂውን ሳልሰማ ነው የመለስኩት። እሱ የሚልሽን አድርጊ ልጄ።» ወዲያው ደግሞ ለእሱ በግል ጻፉለት፦ «ምነው ልጄ፣ ቅድም እንዲህ ብትል ኖሮ?» ቁጣ የለበትም። እሱን ነው ያልቻለው። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሴትየዋ እንደነቀለችው ጻፈች። «ይቅርታ አድርግልኝ። ጽሑፍህን ጮክ ብዬ ለአባዬ እያነበብኩለት ነበር። ምስጋናው ላይ ስደርስ ‹በቃ ተስማምተዋል፣ ጀምሪው› አለኝ።»

ጠጋኙ ወደ ራሱ ጽሑፍ ተመለሰ። ሰባት መስመር ምስጋና ነው። ስምንተኛው ላይ «ለመጨመር ያህል፣ ምናልባት ባይነካ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ዙሪያ ጥምጥም። እሱ ራሱ አባትየውን ቢሆን ጀምሪው ይል እንደነበር ታየው።

ሴትየዋ ጨመረች። «ደግሞ ከመንቀሌ በፊት መንኳኳቱን ትቶ ነበር። አሁን ምንም ድምፅ የለውም። አባዬ ዳነ እንዴ እያለኝ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፣ አይደል?»

የሚንኳኳ ዲስክ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ጠጋኙ ያውቃል፤ ሞተ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው መልሱን ሲጠብቁ ታዩት፤ አንደኛው ማንበብ አይችሉም።

«በመጀመሪያ ስለ ትዕግሥትሽ ከልብ» ብሎ ጀመረ።

እህቱ ከኋላው ቆማለች፤ አሁን አልቀለደችም። የጻፈውን ፊደል በፊደል አጠፋው። ባዶውን ቦታ ትንሽ አየና «አይደለም» ብሎ ጻፈላት።