እልልታ በሆኪ ሜዳ

ኳሷ በስተቀኝ ካለው ጎል ስትገባ እናትየው ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። በሲያትል ከተማ በሚገኝ አንድ የስፖርት አዳራሽ የአሜሪካና የአርጀንቲና ታዳጊ ሴቶች ከሥሩ የሚሽከረከር ጎማ ያለው ጫማ አድርገው፣ ኳስ በዱላ እየመቱ ሆኪ ይጋጠሙ ነበር፤ የአሜሪካ በረኛ የእሷ ልጅ ናት። ጠዋት መኪናውን ፓርክ ሲያደርጉ ልጅቷ፣ «እማ፣ ፕሊስ፣ እልል እንዳትዪ» ብላት ነበር። «ለልጄ እልል ያላልኩ ለማን ልል ነው? ሂጂ ባክሽ» ብላ እናትየው ዘጋቻት።

ከጎኗ የተቀመጠች አንዲት አበሻ ወጣት የእናትየውን ቀሚስ ጎተት አደረገች። «እትዬ፣ ልጅዎ ላይ እኮ ነው የገባው። ከእረፍት በኋላ ጎል ተቀያይረዋል።»

እልልታው ተቋረጠ፤ እጇ ግን ከአፏ አልወረደም። ማን እንደሆነች ለማየት አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ኳሷን ከመረቡ ለማውጣት ያጎነበሰችው በረኛ ብቻ ቀና ሳትል ቀረች።