ስድስት ጣሳ፣ ስድስት ምራቂ

«ኧረ አንች የሰላሀዲን እናት! ጣሳዬ ሌባ ነው ብለሽ ነው?»

የጸዳለ ድምፅ ከእህል ተራው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ፈዲላ ለመሪማ ምራቂ ልትጨምርላት አንድ ጭብጥ ማሽላ አንስታ ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ቀጥሎ ጣቶቿ ላላ አሉና ግማሹ ወደ ጆንያው ተመለሰ። መሪማ ያየችው ጸዳለን አይደለም፣ ያቺን ግማሽ ጭብጥ ነው።

«ምን አልኩሽ እቴ?» አለች፣ ከረጢቷን ወደ ጉያዋ እያስጠጋች።

«ምን ትይኝ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምንት ጣሳሽን ከኔ ስትሸምች ኖረሽ፣ ዛሬ አይተሽ እንዳላየሽ አለፍሽኝ። ከአሚናት አንድ ጣሳ፣ ከዚያች ከጥግ ካለችው አንድ ጣሳ፣ አሁን ደግሞ ፈዲላ! ከአምባሰል እዚህ ድረስ አህያ ጭኜ የምወርደው ለማን ነው? ጣሳዋ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ስፍር ያጎድላል ብለሽ ስሜን ታጠፊያለሽ አሉ!»

«ወላሂ እት ጸዳለ፣ ከአፌ አልወጣም።»

እውነቷን ነው፤ ከአፏ አልወጣም። ስለ ልቧ ግን የጠየቃት የለም።

መሪማ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ መደመርና መቀነሱን ተምራ፣ ማካፈል ላይ ሲደርሱ አራስ ሆና ቀርታለች። ባሏ ኑርዬ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ያሰላችው ሒሳብ ግን ለቀበሌው ጸሐፊም ይከብዳል። ከአንድ ሻጭ ስምንት ጣሳ የሸመተ ሰው ምራቂው አንድ ጭብጥ ነው፤ ግፋ ቢል ሁለት። ከስድስት ሻጭ አንዳንድ ጣሳ የሸመተ ግን ስድስት ጭብጥ ያገኛል። ስድስት ጭብጥ ደግሞ፣ ሻጮቹ እጀ ሰፊ ከሆኑ፣ አንድ ጣሳ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚጎድለው። ስድስት ብር ከፍላ ሰባት ጣሳ ይዛ ትገባለች ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው ሰባት ነው። ኑርዬ፣ ጨርቅ ጠፍቶ የስፌት መኪናው አቧራ ከለበሰ ወዲህ እንኳ፣ ስምንት ብሯን አላጓደለባትም፤ ሁለቱ ይተርፋታል።

ሁለት ብር የደሴ አውቶቡስ ደርሶ መልስ ነው።

የበኩር ልጇ ሰላሀዲን ባለፈው ሰኞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ደሴ ነው ያለው። ከነገ ወዲያ ይጫናሉ ተብሏል፤ ወዴት እንደሚጫኑ የነገራት የለም። ኑርዬ «ሄደሽ አልቅሰሽ ልጁን ታባቢዋለሽ» ብሎ ከልክሏታል። ስለዚህ ሁለቱ ብር ከማሽላው ካልወጣ ከየትም አይወጣም።

ይህን ደግሞ እህል ተራ መሀል ቆመው እንዴት ይናገሩታል?

«ለካ እየዞርሽ ምራቂ ነው የምትለቅሚው!» አለች አሚናት ከወዲያ። ሴቶቹ ሳቁ። ፈዲላም ከሳቁ ጋር በእጇ የቀረችውን ማሽላ ወደ መሪማ ከረጢት አራገፈቻት። መሪማ አንገቷን ደፋች። ገና ሦስት ጣሳ ይቀራታል፤ እንግዲህ አንድም ሻጭ እጁን አይዘረጋላትም።

ጸዳለ አልሳቀችም። «በይ ተይው። ልጅሽን ጥሪልኝና ያን ጆንያ ያንሳልኝ፤ ወገቤ ተቆርጧል። እሱ እንኳ እንዳንች አልኮራብኝም፤ ሳልጠራው ነው የሚመጣ። የት አለ?»

መሪማ ወደ አውራ ጎዳናው አየች። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሳ ወደ ወልድያ አለፈ።

«ደሴ» አለች።

«ደሴ ምን ይሠራል?»

«ከነገ ወዲያ ይጫናሉ።»

ጸዳለ «እነማን?» ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ዘመን ይጫናሉ ከተባለ እነማን ተብሎ አይጠየቅም። ሳቁ ከተራው ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፋ።

ጸዳለ ጣሳዋን አነሳችና ውስጡን አየችው። ከዚያ የጆንያዋን አፍ የምትጫንበትን ድብልብል ድንጋይ ወደ ጣሳው ከትታ ቁልቁል መታችው። አንዴ። ሁለቴ። ቆርቆሮው «ቷ!» አለና ወደ ውስጥ ገብቶ የኖረው መቀመጫው ወደ ውጭ ዘለለ። ሁሉም ሰማ።

«ስንት ቀረሽ?»

«ሦስት።»

ከረጢቱን ከእጇ ነጠቀቻት። ጣሳውን ጫፉ ሾጥጦ እስኪፈስ ሞልታ ገለበጠችና ምራቂውን በሁለት እጇ እፍኝ አድርጋ ጨመረች። እንደገና ሰፈረች፤ ሌላ ሻጭ የሆነች ይመስል እንደገና ምራቂ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ሦስት ብሯን ተቀብላ ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተች፤ አንዲት ሳንቲም አልመለሰችም።

«የቀረውን አጥብቀሽ ቋጥሪው» አለች፣ ቀና ሳትል። «አውቶቡስ ላይ ሌባ አይጠፋም።»

መሪማ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ስባ ሁለቱን ብር ቋጠረች። ከረጢቱን ልትሸከም ጎንበስ ስትል ጣሳው ዓይኗ ገባ። መቀመጫው አብጦ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት፣ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«እት ጸዳለ» አለች።

«ምን?»

«ይሄ ጣሳሽ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጾም ላይ ኖሯል ለካ።»