የቆመች መኪና

ግራዝማች ገሪማ ላንድሮቨር የገዙት በ1957 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ፍለጋ ከዲላ እስከ ገደብ ከተማ በበቅሎ ሲመላለሱ ኖረው፣ ወገባቸው አሻፈረኝ ሲላቸው መኪና አማራቸው። በቅሎዋን ግን አልሸጡም። ከላይዋ ሲወርዱ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ አስቀድመው ልጓሟን ያወልቁላታል፣ አራቱንም ኮቴ እያነሡ ጠጠር እንዳይኖር ያያሉ። እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ በቅሎ አትጠብቅም። የዲላ ሰው ይህን ለምዶታል፤ ከኋላቸው ይስቃል፣ ከፊታቸው እጅ ይነሣል።

ሾፌራቸው ዘነበ ይባላል። ስምንት ዓመት መንገድ ሥራ ላይ ገልባጭ ሲነዳ ሰው ይቅርና ዶሮ አልገጨም። ይህን ሳይጠየቅም ይናገራል። መኪና ማቆም ለእሱ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ የእግር ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይረግጣል፤ ጎማው ቀጥ ሲል የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ከዚያ እግሩን ያነሣና የእጁ ብቻውን ይይዛት እንደሆነ ያያል። ወርዶ ደግሞ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ማርሽ አስገብቶ ማቆም ብቻ አይወድም፤ ጥርሱ ይበላል ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ግራዝማች ከጎኑ ተቀምጠው ያልጠየቁት ነገር አልነበረም።

«ይቺስ በመካከላችን ያለችው ምንድን ናት?»

«የእጅ ፍሬን ናት፣ ግራዝማች። የእግሩ እየሄደች ሳለ ልጓም እንደ መሳብ ነው። የእጁ ደግሞ ከቆመች በኋላም ልጓሙን እንደያዙ መቆየት ነው።»

«ቆማም?»

«ቆማም። ቀኑን ሙሉ ቢሆን።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘነበ ጫፏ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው እንዴት እንደሚያወርዷት አሳያቸው፤ እሳቸውም ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ጌታን ማስተማር ደስ ይላል። ዘነበ ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለአትጠገብ ሌላ ወሬ አላወራላትም።

በዚህ ሹመት ያልተደሰተ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ታረቀኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ላንድሮቨሯን እሱ ሊይዛት ፈልጎ ግራዝማች ዘንድ ሁለት ጊዜ አማላጅ ልኮ ነበር። ዘነበን ባየ ቁጥር «እንዴት ነው ወንድሜ፣ ፍሬኑ ይይዛል?» እያለ ይስቃል።

ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ዘነበ መኪናዋን ዲላ ከግራዝማች መጋዘን ፊት አቆመ። መሬቱ ወደ ገበያው ያዘቀዝቃል፤ ጎማዎቹ ያረፉባት ቦታ ግን ጎድጎድ ያለች ነበረች። ፍሬኑን ሳበ፣ ድንጋዩን አስገባና ጆንያ ሊያስወጣ ሮጦ ገባ። ግራዝማችም ጋቢያቸውን አጣፍተው ትንሽ ቆይተው ተከተሉት። ተሸካሚዎቹ ስድስተኛውን ጆንያ ዱብ ሲያደርጉባት ላንድሮቨሯ ነቅነቅ አለች፤ ከዚያ ማንም ሳይነዳት ቁልቁል ወረደች። ሸክላ ሻጭዋ ማሚቱ ዘልላ ዳነች። ማሰሮዎቿ ግን አልዘለሉም።

«እኔ ተቀምጦ ሸክላ እሸጣለሁ፣ መኪናው መጣች!» ማሚቱ በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸች። «ውስጡ ሰው የለም! ሰይጣን ነው የነዳው!»

ዘነበ በሩጫ ደረሰ። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ወደ ላይ ተመልሶ ድንጋዩን ፈለገ፤ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተጠግቶ በሥርዓት ተቀምጧል።

«ስቤው ነበር፣ ግራዝማች! ልጆቼን ይንሣኝ፣ ስቤው ነበር!»

«ሞተሯን በደንብ ብታጠፋ ኖሮ ያረፈች መኪና ከየት ተነሥታ ትሄዳለች?» አሉ ግራዝማች። «ሰው ልታስጨርስ ነበር! ለዛሬ ምሬሃለሁ። ቢደገም ግን ሥራህንም መንጃ ፈቃድህንም ታስረክባለህ፤ ዳኛ ፊት አቆምሃለሁ።»

ዘነበ ስምንት ዓመት ያላጎደፈው ስሙ በአንድ ጠዋት ገበያ ላይ ተበተነ። ሻይ የምትሸጠው ካሳነሽ ጠጋ ብላ «ታረቀኝ መኪናዋን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለችው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ሁለት ሳምንት አለፈ። ግራዝማችን ይዞ ይርጋጨፌ ሲደርስ የታረቀኝን ጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆማ አያት። ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብሎ ቆረጠ። ላንድሮቨሯን ከአንድ ቡና ነጋዴ ግቢ ፊት፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆመ። የእግሩን ረገጠ፣ የእጁን ሳበ፣ ትልቅ ድንጋይ መርጦ አስገባ። ግራዝማች ከረጅም መንገድ በኋላ እንደ ልማዳቸው ወደ አጥሩ ጥግ ዘወር ሲሉ፣ እሱ በጓሮ ዞሮ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው እንሰት ውስጥ ገባ። ከዚያ ሆኖ የመኪናዋ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። በመካከላቸው ባዶ መሬት እንጂ ምንም አልነበረም።

ታረቀኝ መጣ። ግራና ቀኙን አየ፣ ላንድሮቨሯን ተደገፈ። ዘነበ በእንሰቱ ቅጠል መካከል አንገቱን አሰገገ።

ታረቀኝ ከኪሱ ሚዶ አወጣና ጎንበስ ብሎ በመስታወቷ ጸጉሩን አበጠረ። እያፏጨ ሄደ።

ዘነበ ኩምሽሽ አለ። ያን ጊዜ ግራዝማች ከአጥሩ ጥግ ብቅ አሉ። ቡና ነጋዴው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።

«ቆየኝ፣ መጣሁ» ብለውት ወደ መኪናዋ አለፉ፤ አጎንብሰው ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር ፈንቅለው አወጡ፣ ጎኗን መታ መታ አደረጉ፣ በሯን ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቆመሽ እንኳ እፎይ በይ» አሏት።