ብቻውን የሚሄድ ቀስት

መርከበኛው ልጅ ያለበት መርከብ ሊነሳ ጥቂት ቀርቶታል። ከወደብ ከራቀ ለወራት ስልክም ኢንተርኔትም አያገኝም። የእናቱ ኮምፒውተር ደግሞ ቤቷ ከተከራየችው ሴት ኮምፒውተር ጋር አንድ ዓይነት የኢንተርኔት መለያ ቁጥር ይዞ፣ በቪዲዮ ሲደውልላት የልጇ ምስል እየመጣ ይጠፋል። ልጁ ሊያስተካክለው ከመርከቡ ሆኖ በኢንተርኔት ኮምፒውተሯ ውስጥ ገባ። እናት የማውሱ ቀስት በስክሪኑ ላይ ብቻውን ሲሄድ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የልጇ እጅ ነው።

«እማዬ፣ ቁጥሩን ልቀይረው ነው። ጥሪው ተቋርጦ ይመለሳል።»

«ባይመለስስ? ተወው ልጄ፣ ድምፅህ ይበቃኛል።»

«አንቺ ደግሞ ለቅሶ ካልጀመርሽ አያምርብሽም!» ብሎ ሳቀ። «ካልተመለሰ የኔትወርክ ካርዱን አጥፍተሽ ታበሪዋለሽ። ይኸው፣ እዚህ ጋ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። አልገባትም።

ቁጥሩ ተቀየረ። ድምፁ ተቋረጠ፤ ቀስቱም ባለበት ቀረ። ጠበቀች፤ አልተመለሰም። ማጥፊያውን ልትፈልግ ማውሱን ያዘች፤ የባሰ እንዳታበላሽ ፈርታ ግን ምንም ሳትጫን፣ እጇን እላዩ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች። መርከቡ የሚነሳበት ሰዓት ደረሰ።

ያኔ ቀስቱ ንቅንቅ አለ።

«መጣህልኝ ልጄ!» ብላ ጮኸች። «ትሰማኛለህ?»

ቀስቱ መልስ እንደ መስጠት ብሎ እንደገና ተነቃነቀ። እናት እንባዋን ልትጠርግ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

ቀስቱ ቆመ።